ላይኛው ካንዴላ

ጥር 6

የጥርስ ሐኪሙን መኪና ጨረስኩ። ያቺ ፒስተን የሌላት፣ በፒስተን ፋንታ ሮተር የሚባል ባለሦስት ማዕዘን ብረት የሚዞርባት ቀይ መኪና። በከተማው ሁለተኛ የላትም። መካኒክ ሁሉ ኮፋኖዋን ከፍቶ «እግዚኦ» ብሎ ይዘጋዋል። እኔ ግን እወዳታለሁ። ቱርቦ የላት፣ ምን የላት፤ በገዛ ሳንባዋ የምትተነፍስ።

ታይሚንጓ፣ እሳት የምትተኩስበት ሰዓቷ፣ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። እያንዳንዱ ሮተር እሳት የሚሰጡ ሁለት ካንዴላዎች አሉት። ታችኛው ቀድሞ ይተኩሳል፣ ላይኛው ይከተላል። የታይሚንግ መለኪያ መብራቱን ታችኛው ሽቦ ላይ ሰካሁ። እሳት የሚያከፋፍለውን ዲስትሪቢዩተር በትንሽ በትንሹ እያዞርኩ ፑሌጃው ላይ ያለውን ቢጫ ምልክት ከመርፌው ጋር አገናኘሁት። ሮተሩ ጨምቆ ጫፍ ከደረሰ አምስት ዲግሪ በኋላ እንዲተኩስ። ለፒስተን ሞተር ይህ ስድብ ነው። ለእሷ ግን ሕጉ ይኸው ነው።

አባባ ከወንበሩ ሆኖ አዳመጠ። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ የሚሠራው በጆሮው ነው... ግን ምን ዓይነት ጆሮ! «ልክ ነው» አለ። ከዚያ ወደ ሻዩ።

ጋራዡን ለማን እንደሚያስረክብ እስከ ሰኔ እወስናለሁ ብሏል። ለእኔ ወይስ ለጋሼ? ጋሼ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ሌላ ቦታ ተቀጥሮ የከባድ መኪና ሞተር ይሠራል። እዚህ ስምንት ዓመት እጇን በግሪስ ያጠቆረችው እኔ ነኝ። ደንበኛ ግን ዛሬም ሲገባ በትከሻዬ አሻግሮ እያየ «መካኒኩ የለም?» ይለኛል። ይበል...

ጥር 10

ደሜ ፈልቷል። ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ጠዋት ሐኪሙ እየፈነደቀ መጣ። «የወንድምሽ እጅ ይባረክ! ትናንት እሑድ መንገድ ላይ አግኝቶኝ...» ምን አደረገ? «ነካ ነካ አደረጋታ! በረረች እኮ! አንቺ አስረሽብኝ ነበር።»

አስሬ!

ኮፋኖውን ከፈትኩ። የዲስትሪቢዩተሩ ብሎን ላይ አዲስ የመፍቻ ጭረት። መብራቱን ሰካሁ... አሥራ አምስት ዲግሪ ቀድሟል። አሥራ አምስት! መልሼ ላስተካክል ጎንበስ ስል ሐኪሙ እጄን ያዘኝ።

«ተይ እንጂ! ከስንት ጊዜ በኋላ እንዲህ ሆና አገኘኋት እኮ!»

«ዶክተር፣ አሁን ደስ ትላለች። ዳገት ላይ ግን እሳቱ ቀድሞ እየፈነዳ የሮተሩን ጫፍ ማሸጊያ ይሰብርብዎታል። እሷ ደግሞ እንደ ሌላ ሞተር አንኳኩታ አታስጠነቅቅም።»

«አፍሽን በዳቦ!» ብሎኝ ሄደ።

አጠገባችን የሚሠራው ጎማ ጠጋኝ ሁሉንም ሰምቷል። «አይዞሽ፣ ሰው የሚበረውን እስኪወድቅ ድረስ ያምነዋል» አለኝ። ሊያጽናናኝ ነው። አላጽናናኝም።

ጥር 11

ጥምቀት ነው፣ ሥራ የለም። ማታ ጋሼ ቤት ሄድኩ። ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ።

«ማን ንካ አለህ?»

«ተኝታ ነበር እኮ እቱ። ቀሰቀስኳት።»

«መብራቱን የት ሰካኸው?»

«የትስ ብሰካው? ካንዴላ ካንዴላ ነው። ላይኛው ለእጅ ይመቻል።»

ለእጅ ይመቻል! ላይኛው ተከታይ ነው። የተከታዩን እሳት ከፊተኛው ምልክት ጋር ካሰለፍከው ሁሉም ነገር ይቀድማል። አስረዳሁት። ወረቀት ላይ ሣልኩለት። ሳቀ።

«እሳት ከጫፉ በኋላ? ይሄ ሞተር ነው ወይስ ቀብር ያመለጠው ለቀስተኛ?»

ዕድሜውን ሙሉ ናፍጣ ሲያሸት የኖረ ሰው ነው፣ እሳት ቀድሞ ነው የሚመጣው ብሎ ያምናል። እሺ፣ ይመን። ግን በሰው ሥራ ላይ? ሳይጠይቅ? ይባስ ብሎ ውለታ የዋለልኝ መስሎታል። «ስምሽን ነው ያዳንኩልሽ» አለኝ። ስሜን! ሚስቱ ራት ብዪ ብትለኝ እንዴት ይዋጥልኝ...

ጥር 12

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ጋሼን ነው። ሌላ የምጽፈው የለም።

ጥር 19

ሐኪሙ ጎማ ሊያስነፋ መጣ። ሞተሩን አላጠፋም። ዕድሌ ነው አልኩ። አባባን በክንዱ ይዤ አስጠጋሁት። ጋሼም ለምሳ ብቅ ብሎ እዚያው ቆሟል።

«አባባ፣ እስቲ ስማት።»

ሰማ። አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ቆይቶ ቆይቶ... አንድ ቃል ብቻ ነው የፈለግኩት። «ቀድሟል» ቢል ያልቃል፤ በዚህ ሰፈር የአባባን ጆሮ የማያምን ሰው የለም።

«እንግዲህ... መኪና ናት፣ ትሄዳለች» አለና ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

ጋሼ ፈገግ። ሐኪሙ ፈገግ።

ጆሮውም ደከመ ማለት ነው? መጸዳጃ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ለዓይኑ ያላለቀስኩትን ለጆሮው አለቀስኩ።

የካቲት 3

ተሰበረች።

ዳገቱ መሃል ላይ። በገመድ ተጎትታ መጣች። እንደ ምንም አስነሳናት፤ አንዱ ሮተር ይሠራል፣ ሌላው ይንፈራገጣል። ጠፋች። ከዚያ በኋላ እምቢ አለች።

ሐኪሙ ግቢው ሙሉ ሰው እያለ ጮኸብኝ። «ታይሚንጓን የሠራው ማን ነው? አንቺ አይደለሽም? ወንድምሽ ነካ ብቻ ነው ያደረጋት!»

«እኔ የሠራሁትን ያዞረው...» አልኩና ጋሼን አየሁት። እሱ እኮ ወሬውን ሰምቶ እየሮጠ የመጣ ነው። ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ። መሬት መሬቱን ያያል።

«ድሮም ለሴት መስጠቴ!» አለ ሐኪሙ።

ጎማ ጠጋኙ ብቻ «ኧረ ዶክተር!» ብሎ ከጎማው ላይ ተነሳ። አባባ ወንበሩ ላይ ነው። ጆሮ ዳባ ልበስ። የጀመርኩትን ሳልጨርስ ወደ ውስጥ ገባሁ። እኔ! ሰው በምላሷ የሚፈራት እኔ!

የካቲት 6

ሞተሩን አውርጄ ፈታሁት። ማንም አላዘዘኝም፤ ማየት አለብኝ ብዬ ነው። የአንዱ ሮተር ማሸጊያ ጥፍር የምታህል ከጫፉ ተሸርፏል። ስባሪዋ ግድግዳውን ቧጭራ በጭስ ማውጫው ወጥታለች። የቀረውን አባባ መዳፍ ላይ አስቀመጥኩለት። በአውራ ጣቱ ጠርዙን ዳሰሰው።

«ቀድሞ ተኩሶ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«ይኸውልህ! አላልኩም?»

«እሱንማ ያን ቀን ሰምቼዋለሁ።»

የቱን ቀን?

«ሐኪሙ ጎማ ያስነፋ ቀን። ድምፁ ደረቅ ነበር።»

ሰምቷል። ጆሮው ደህና ነው! ያ እኔ ያለቀስኩለት ጆሮ!

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ወንድምሽን በሰው ፊት ላዋርደው? ወንድ ልጅ ሲዋረድ ይሰበራል። አንቺ ቻይ ነሽ።»

ቻይ። ከልጅነቴ ጀምሮ ይህን ቃል እንደ ምርቃት ስቀበለው ኖሬያለሁ። ለካ «ዕዳው አንቺ ላይ ይደር» ማለት ኖሯል። አንድ ቃል ቢተነፍስ ሞተሩም ይተርፍ ነበር፣ እኔም እተርፍ ነበር። ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ። ወርቁን ጋሼ አጠለቀው።

የመፍቻ ሳጥኔን ይዤ ወጣሁ። ከባድ ነው። ማንም አላገዘኝም፤ እኔም እገዛ አልጠየቅኩም።

የካቲት 9

ጋራዡ አልሄድኩም። ጋሼ ቤቴ ድረስ መጣ።

«ተይው በቃ እቱ፣ ቤተሰብ አይደለን?»

«ሐኪሙ ሲጮህብኝ ቤተሰብነታችን የት ሄዶ ነበር?»

ጣቶቹን ሲያፍተለትል ቆይቶ ሄደ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ ነው እንጂ ክፉ ሰው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ማወቄ ግን ንዴቴን አልቀነሰውም። እንዲያውም ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

የካቲት 17

ጎማ ጠጋኙ የራሱን ግቢ ግማሽ ለቀቀልኝ። ጣሪያው ያፈሳል። «እስኪበርድልሽ ሥሪበት» አለ። አይበርድልኝም አልኩት። «እንግዲያው ቆርቆሮውን እንጠግነዋለን» ብሎ መሰላል ሊያመጣ ሄደ።

የካቲት 24

ሐኪሙ ደወለ። አላነሳም ብዬ ነበር... አነሳሁ።

አባባ ክሊኒኩ ሄዷል! ብቻውን፣ ግድግዳ እየዳሰሰ። ጉንጫቸው ካበጠ ሰዎች ጋር ወረፋ ይዞ ተቀምጧል። ነርሷ «አባት፣ የትኛው ነው የሚያምዎት?» ብትለው «ጥርሴስ ደህና ነው፣ ምላሴ ነው» አላት አሉ። ከዚያ ገብቶ ሁሉንም ለሐኪሙ ነገረው። ሞተሩን የሰበረው የጋሼ እጅ መሆኑን፣ የራሱን ዝምታ።

ሐኪሙ ይቅርታ ጠየቀኝ። ያንን «ለሴት መስጠቴ» ያለውንም ጠቅሶ። ሞተሩን አንቺው ግጠሚልኝ፣ የፈለግሽው ቦታ ላይ፣ አለ። ሌላ ከተማ ከቆመች አንድ ተመሳሳይ መኪና ማሸጊያና የሮተር ቤት አፈላልጓል።

ስለ ምላሱ ሲነግረኝ ሳቅኩ። ስልኩን ስዘጋ ተናደድኩ። የተዋረድኩት በአደባባይ፣ የጸዳሁት በዝግ በር! ያ ሁሉ ግቢ ሙሉ ሰው አሁንም ሞተር የሰበረች ነው የሚለኝ። ለምን እዚያው አልተናገረም? ክሊኒክ ውስጥ የተገኘ ምላስ ጋራዥ ውስጥ የት ነበር?

መጋቢት 15

እዚሁ ጎማ ጠጋኙ ግቢ ሞተሯን ገጥሜ ጨረስኩ። በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳች። እስክትሞቅ ጠበቅኩ፣ ታይሚንጓን አስተካከልኩ። ሐኪሙ ከጎኔ ቆሞ ነበር።

ቀና ስል አባባ በሩ ላይ ቆሟል፤ የጋሼን ክንድ ይዞ። ጎማ የሚያስጠግኑት ደንበኞች ዘወር ብለው አዩ። የድሮው ጋራዥ ሠራተኞችም ከኋላቸው ተከትለው መጥተዋል። ለካ እሱ ነው ኑ ያላቸው።

«ስሙኝ!» አለ አባባ። እንዲህ ዓይነት ድምፅ እንዳለው ረስቼ ነበር። «ይህችን ሞተር ያበላሸው ወንድ ልጄ ነው። ሰምቼ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። እሷ ልክ ነበረች። አስቀድማም ተናግራለች።»

ጋሼ ላብ በላብ ሆኗል። «መብራቱን ላይኛው ላይ ሰክቼው ነው» አለ። «ነግራኝ ነበር። ሳቅኩባት።»

ዛሬ እንኳ አላለቅስም ብዬ ጥርሴን ነከስኩ።

ከዚያ አባባ ከኪሱ የጋራዡን ቁልፍ አወጣ። ዘረጋልኝ... እኔ ወደሌለሁበት፣ ትንሽ ወደ ግራ ስቶ። «ሰኔን አልጠብቅም። ያንቺ ነው።»

ስምንት ዓመት የተመኘሁት ቁልፍ። እጁን በሁለት እጄ ያዝኩት። ጣቶቹን ቁልፉ ላይ መልሼ አጠፍኩለት።

«ለጋሼ ስጠው አባባ። እኔን እዚህ የራሴ ደንበኛ ይጠብቀኛል።»

«ተቆጥተሻል?»

«በጣም።»

«እስከ መቼ?»

ምን ልበለው? አላውቅም አልኩት። ወንበር አምጥቼ ከጥላው ሥር አስቀመጥኩት። ጋሼ ቆይቶ ሄደ፣ አባባ ግን አልሄደም፤ ሥራ እስክጨርስ ሲያዳምጠኝ ዋለ።

ዛሬም ተናድጃለሁ። ግን በገዛ ደጄ ላይ ሆኜ ነው የተናደድኩት።