እህቴ ሰውየውን በየት በኩል ታሳልፈው ነበር?

ለክቡር ሸሪፍ ሮይስ ካልፔፐር፣
የላትሮፕ አውራጃ የጸጥታ ኃላፊ፣
ፔሪን ከተማ፣ አላባማ

እጅግ የተከበሩ ሸሪፍ ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የባለቤትዎን የወይዘሮ ዳርሊንን፣ የሦስቱን ምክትሎችዎን፣ እንዲሁም ጉልበቱን በመታሸት ላይ የሚገኘውን የትምህርት ቤታችንን ቡድን አምበል ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ ደኅና ነኝ። እህቴ ኢሞጂንም በቀኝ ዓይኗ በኩል በጣም ደኅና ናት።

ይህን ደብዳቤ በጋዜጣችን ላይ እንዳወጣ ያደፋፈረኝ የራስዎ ንግግር ነው። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በሎሬታ ቁርስ ቤት ከእርስዎ ሁለት ወንበር አልፌ ተቀምጬ ሳለ፣ ለምክትልዎ ለዳሬል፣ «ሴትዮዋ ዝም ብላ ብታሳልፈው ኖሮ ይሄ ሁሉ ጣጣ ከየት ይመጣ ነበር?» ሲሉ ሰማሁ። ዳሬልም አፉ ሙሉ እንደሆነ፣ «እሱስ ልክ ነዎት አለቃ፣ ማሳለፍ ነበረባት» አለ። ሎሬታ ቡና እየቀዳች፣ «እናንተ ደግሞ፣ ወንድሟ እዚህ ተቀምጧል እኮ» ብትልም እርስዎ በትሕትና ወደ እኔ ዞር ብለው ሰላምታ ሰጡኝና ቁርስዎን ቀጠሉ።

ሠላሳ አራት ዓመት ታሪክ ያስተማርኩ ሰው እንደመሆኔ የባለሥልጣንን ቃል እንደ ዋዛ አልፌው አላውቅም። ስለዚህ እንቁላሌን አጋምሼ ትቼ፣ ከመኪናዬ ኋላ የመለኪያ ሜትሬን አውጥቼ፣ እህቴ ሰውየውን በየት በኩል ልታሳልፈው ትችል እንደነበር ለማረጋገጥ ወደ ኬን ክሪክ ድልድይ ሄድኩ። ድልድዩ ከብረት አጥር እስከ ብረት አጥር ስድስት ሜትር ከአሥር ሳንቲሜትር ነው። ነገሩ በደረሰባት ዓርብ የግራው መስመር ለአቶ ኤልዉድ ስታብስ ቀብር ክብር ሲሉ ሞተራቸውን አጥፍተው በቆሙ አራት መኪናዎች ተይዞ ነበር። በቀኝ በኩል ያለው ወንዙ ነው። ከፊት ደግሞ ሠላሳ ስምንት የለቀስተኛ መኪናዎች፣ ከእነሱም ፊት አስክሬኑን የጫነው መኪና፣ ከእሱም ፊት መብራትዎን እያብለጨለጩ እርስዎ ራስዎ ነበሩ። እንግዲህ የቀረው መንገድ ከላይ ነው፤ ከኋላዋ የነበረው የሰውየው ፒካፕ መኪና ክንፍ እንዳለው ግን በምርመራ መዝገብዎ ውስጥ የተጻፈ ነገር ማግኘት አልቻልኩም። ምናልባት ተረስቶ ከሆነ እንዲታከልበት በትሕትና አሳስባለሁ።

ይህን ከተናገርኩ ዘንድ፣ በመጪው ሐሙስ በእህቴ መንጃ ፈቃድ ላይ በሚደረገው ስብሰባ ምስክርነትዎን ከመስጠትዎ በፊት ጊዜ ቢያገኙ እንዲያነቧቸው፣ የሚከተሉትን ጥቃቅን ነገሮች በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ ቀብሩ። ኢሞጂን የሰባ ሦስት ዓመት ሰው ናት። በትምህርት ቤቱ ምግብ ቤት ሃያ ዘጠኝ ዓመት ስትሠራ ብዙ ልጆች አብልታለች፤ ከእነሱም አንዱ፣ ሁለተኛ ሳህን ይጠይቁ የነበሩት፣ እርስዎ ነዎት። ዘወትር ዓርብ ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥ ቤት ትኩስ ምሳ ጭና ከቤት መውጣት ለማይችሉ አሥራ አንድ አዛውንቶች ታደርሳለች። በዚያም ቀን የመጨረሻውን ምሳ ለአቶ ፐርቪስ ሰጥታ ስትመለስ፣ አጀቡ ከቤተ ክርስቲያኑ መገንጠያ ወደ ዋናው መንገድ ሲወጣ ደረሰች። እናታችን እንዳስተማረችን ቆመች፣ ሬዲዮዋን አጠፋች፣ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ከኋላዋ የመጣ አንድ ነጭ ፒካፕ ግን ክላክሱን ነፋ። አንዴ አይደለም። በዚህ አውራጃ በቀብር ላይ ክላክስ ሲነፋ ከዚያ ቀን በፊት የሰማ ሰው ካለ፣ ዕድሜው ከእኔ የሚበልጥ መሆን አለበት።

የመጨረሻው ለቀስተኛ ካለፈ በኋላ የእህቴ መንገድና የአጀቡ መንገድ አንድ ነበርና፣ ራቅ ብላ፣ ለቀስተኛ መብራቱን አብርቶ ነው የሚነዳውና ከእነሱ እንዳትቆጠር መብራቷን አጥፍታ፣ በእነሱው ፍጥነት ተከተለች። ቀብር አይቀደምምና። ፒካፑ ግን አንዴ በግራዋ አንዴ በቀኟ ብቅ እያለ፣ ድልድዩ ላይ ሲደርሱ የኋላ ፓራውልቷን ሁለት ጊዜ ገጨው። እጁን በመስኮት አውጥቶ ወደ ፊት ወደ ፊት እያመለከተ ይጮህ እንደነበር በግራ መስመር ቆመው የነበሩት አራቱም አሽከርካሪዎች መስክረዋል። እህቴ ግን አላየችውም። ለምን እንዳላየችው በሚቀጥለው ቁጥር እገልጻለሁ።

፪ኛ. ስለ በራሪ ወረቀቱ። መሥሪያ ቤትዎ ባለፈው የፀደይ ወራት «ከተናደደ አሽከርካሪ ጋር ቢገናኙ» የሚል፣ በጀርባው የእርስዎን ፈገግታ የያዘ፣ እጅግ ያማረ ወረቀት ለየቤቱ ልኮ ነበር። ወረቀቱን ከእህቴ ማቀዝቀዣ በር ላይ በማግኔት የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ ጮክ ብዬ ያነበብኩላትም እኔ ነኝ። እህቴ ደግሞ የምግብ አሠራር መመሪያ ይመስል አንድም መስመር የማትዘል ሴት ናት። ዓይኑን አይዩ ይላል፤ አላየችም። ስፔኪዮዋን ሳይቀር ወደ ላይ ቀለበሰችው። መስኮትዎን ዘግተው ይቆልፉ ይላል፤ ዘግታ ቆለፈች። የሚናገረውን አይስሙ፣ መልስም አይስጡ ይላል፤ አልሰማችም፣ መልስም አልሰጠችም። ወደ ቤትዎ አይሂዱ፣ በቀጥታ ወደ አቅራቢያዎ ወዳለው ፖሊስ ጣቢያ ይንዱ ይላል። ድልድዩን እንዳለፈች፣ በተገጨው መኪናዋ በኤሊ ፍጥነት ስትነዳ አጀቡ ከዓይን ተሰውሮ ነበር። እሷም ወደ ቀኝ ታጥፋ ወደ እርስዎ መጣች። ፒካፑም ተከትሏት መጣ።

በስልሳ ስምንት ዓመት ሕይወቴ መንግሥት የጻፈውን መመሪያ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የፈጸመ ሰው ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

፫ኛ. ስለ በሩ። በሩ ተቆልፎ ነበር። በላዩ ላይ በምክትል ዳሬል የእጅ ጽሑፍ፣ «ቀብር ላይ ነን፤ እንመለሳለን» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። አራት የጸጥታ ሰዎች ያሉት አውራጃ አራቱንም ሟች እንዲያጅቡ ማሰማራቱ ለሟች ያለንን ክብር ያሳያልና አልቃወምም። በሕይወት ላለነው ግን አንድ ሰው፣ ቢቻል ወንበር ላይ መቀመጥ የሚችል፣ ቢቀርልን ደስ ባለን ነበር።

፬ኛ. ስለ ስልኩ። እህቴ ደወለች። የአደጋ ጊዜ ስልክ ተቀባይዋን ሥራ ወጪ ለመቆጠብ ወደ ጎረቤት አውራጃ ካዛወራችሁት ወዲህ የሚያነሱት እነሱ ናቸው። ልጅቷ በጣም ጨዋ ነበረች። «አይዞዎት እሜቴ፣ መስኮቱን እንዳይከፍቱ፣ አሁኑኑ ወደ አቅራቢያዎ ፖሊስ ጣቢያ ይንዱ» አለቻት። እህቴም፣ «የኔ ልጅ፣ በሩ ላይ ነኝ» አለች። ንግግሩ ተቀድቷል። ከዚያ በኋላ ያለውን ድምፅ ለማዳመጥ ጠይቄ ተፈቅዶልኝ ነበር፤ ግማሹ ላይ ስደርስ አጥፉልኝ አልኩ።

ከመንገዱ ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ ኦቲስ መቀሱን እንደያዘ ወጥቶ አይቷል። የሰጠውን ቃል እንዳለ ልጥቀስ፦ «እትዬ ኢሞጂን መሪውን በሁለት እጇ ይዛ ቀጥ ብላ ወደ ፊት ነው የምታየው፣ ፎቶ የምትነሳ ነው የምትመስለው። የፒካፑ ልጅ መስኮቱን በመዳፉ ይመታል። ‹የት ነው የወሰዷቸው? ኧረ በእግዚአብሔር ንገሪኝ፣ የት ወሰዷቸው?› ይላል። እሷ ዝም። እኔ ‹ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ተው!› ብዬ ጮህኩ። አልሰማኝም። ከዚያ ሄዶ የጎማ መፍቻውን አመጣ።» መስታወቱ በሁለተኛው ምት ተሰበረ። የግራ ዓይኗን ሐኪሞቹ በበርሚንግሃም አሥራ ሁለት ቀን ከሞከሩ በኋላ ተዉት።

ኦቲስ እንደሚለው ልጁ ደሙን ሲያይ መፍቻውን ጣለ፤ ጥቁር ክራባቱን ከአንገቱ ፈትቶ ዓይኗ ላይ ያዘላትና እናንተ እስክትመጡ ድረስ በተሰበረው መስኮት አጠገብ ተንበርክኮ ቆየ። ክራባቱ አሁን በመሥሪያ ቤትዎ በላስቲክ ውስጥ ይገኛል። የተመለሳችሁት ከአርባ አምስት ደቂቃ በኋላ፣ ነጭ ጓንታችሁን እንዳጠለቃችሁ ነው።

፭ኛ. ስለ ጥፋቱ ክፍፍል። በመዝገብዎ ላይ «ሁለቱም ወገኖች ለሁኔታው መባባስ በየበኩላቸው አስተዋጽኦ አድርገዋል» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። የእህቴን አስተዋጽኦ ለማወቅ ጓጉቼ ዳሬልን ስጠይቀው፣ «እንግዲህ ጋሼ፣ አንድ ቃል ብትመልስለት ምን ነበረበት?» አለኝ። በራሪ ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ ሦስተኛውን መስመር አሳየሁት። ዳሬል ጥሩ ልጅ ነው፤ አስተምሬዋለሁ። አነበበው፣ ገልብጦ ፎቶዎን አየ፣ መልሶ ሰጠኝ።

፮ኛ. ስለ መንጃ ፈቃዱ። የልጁ መንጃ ፈቃድ ፍርዱ እስኪሰጥ ድረስ በእጁ ነው፤ ሕጉ እንዲያ እንደሚል ተነግሮኛል። የእህቴ ግን፣ «የማየት አቅሟ ለሌሎች አሽከርካሪዎች ደኅንነት የሚያሰጋ ሆኖ በመገኘቱ»፣ በእርስዎ ፊርማ እንዲታይ ተጠይቋል። በአንድ ዓይን መንዳት በሕግ እንዳልተከለከለ ሐኪሟም መንገድ ትራንስፖርቱም ያውቃሉ፤ የቀረው የእርስዎ አስተያየት ብቻ ነው። እስከዚያው ዓርብ ዓርብ የምነዳው እኔ ነኝ። እሷ ሳህኖቹን በጭኗ ይዛ ከጎኔ ትቀመጥና በየመገንጠያው «ቀስ» ትለኛለች። ሾርባ አፍስሼባታለሁ። አቶ ፐርቪስ፣ «ኢሞጂን፣ ይሄን ሰውዬ ከየት አመጣሽብን? ምሳው እኮ መንገድ ላይ አለቀ» ብለዋል። ሐሙስ ፈቃዷ ከተነጠቀ እሷ የምታጣው መኪና አይደለም፤ ለሃያ ዘጠኝ ዓመት ያበላች ሴት እሷ የምታስፈልገው ሰው መኖሩን የምታውቅባት አንዷ ቀኗ ዓርብ ናት። ይህን ብቻ ሳላሾፍ ልናገር።

ምስጋናም ይገባዎታል። ቀብሩ በጋዜጣው ላይ ለቀኑ ስምንት ሰዓት ተብሎ ከወጣ በኋላ፣ ምክትሎችዎ ለማታው የኳስ ጨዋታ የመኪና ማቆሚያውን በገመድ ማጠር ስለነበረባቸው፣ በእርስዎ መልካም ፈቃድ ወደ ሰባት ሰዓት እንዲመጣ መደረጉ ብልህ አመራር ነበር። ጨዋታው በሰዓቱ ተጀመረ። በሦስት ነጥብ ተሸነፍን እንጂ የመኪና አቋቋሙ ግሩም ነበር። ስለ አበባው እናመሰግናለን፤ ካርዱ ላይ «ቶሎ ይሻልዎት» የሚለው ቃል የትኛውን ዓይን እንደሚመለከት እህቴ እስካሁን እያሰበችበት ነው። ስለ ጣቢያው አዲስ የመስታወት በርም እናመሰግናለን፤ ተቆልፎም ቢሆን ውስጡ ማንም እንደሌለ ከሩቅ ለማየት ይመቻል።

የምለምነው ትንሽ ነው። በራሪ ወረቀቱ ላይ «ወደ ፖሊስ ጣቢያ ይንዱ» ከሚለው ቀጥሎ «የሚቀበር ሰው ከሌለ» የሚል ይታከልበት። ሐሙስም ሲጠየቁ፣ የሚያውቁትን ብቻ ይናገሩ፦ ይህች ሴት ሕግ ጥሳ እንደማታውቅ፣ ያን ቀንም እንዳልጣሰች።

የሥራ ዘመንዎ እንደ ድልድያችን ጠባብ፣ እንደ ጣቢያዎ በር የጸና እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ሁለት ዓይን ያለኝ ነገር ግን የእህቴን ያህል መንዳት የማልችል ታዛዥዎ ነኝ፤

ሆሊስ ቲልማን
የቀድሞ የታሪክ መምህር፣ ፔሪን

ማስታወሻ፦ አሁን ማንበብ ያደክማታልና ደብዳቤውን ከመላኬ በፊት ለኢሞጂን አነበብኩላት። አንድም ቦታ ሳትስቅ እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። ከዚያ፣ «ሆሊስ፣ ድሮም አፍህ ስለታም ነው። ግን አንድ ነገር አውቀህ ትተሃል፤ እሱን ሳትጽፍ ፖስታ ቤት ብትሄድ ደጄን እንዳትረግጥ» አለችኝ። ለሰውየው እናት ኬክ ጋግራ የላከችው እሷ ናትና አልተከራከርኳትም። የተውኩት ይህ ነው። ልጁ ዌስሊ ስታብስ ይባላል። ከሚሠራበት የባሕር ላይ የነዳጅ ማውጫ ወርዶ ከሞቢል ከተማ ሲነሳ የነገሩት ሰዓት ስምንት ነበር፤ መለወጡን ማንም አልደወለለትም። ጣቢያው በር ላይ ይጠይቃት የነበረው አጀቡ ከከተማችን ሁለት የመቃብር ቦታዎች ወደ የትኛው እንደሄደ ነው። አስክሬን በጫነው መኪና ውስጥ የነበሩት አባቱ ናቸው።