ወደ ግራ የምታየው ወፍ

ውድ አባዬ፣

እንዴት ነህ? የእህቴ ቤት ተስማማህ? ይህን የምጽፍልህ ከሰርግ አዳራሹ ጓዳ፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛችን ላይ ነው። ረፋድ ነው። ፀሐይዋ ውስጡ የተፋቀ ሐብሐብ ውስጥ ገብታ ግድግዳውን ሮዝ አድርጋዋለች። ትዝ ይልሃል፣ ልጅ ሆኜ እጄን እዚያ ብርሃን ውስጥ አስገብቼ "አባዬ፣ ቀላሁ!" ስልህ? አንተ ቀና ሳትል "ግራኟ፣ ውጪ ከዚያ፤ የበሰለ መስሎኝ እንዳልቆርጥሽ" ትለኝ ነበር።

ያኔ ዓለም ሁሉ የሚቀረጽ ይመስለኝ ነበር። ፓፓያው ጀልባ፣ አናናሱ ቅርጫት፣ ሐብሐቡ አንገተ ረጅም ወፍ። ድግሱ ተጀምሮ እንግዶቹ ከወፏ ጀርባ ላይ ወይንና ማንጎ እያነሱ ሲበሉ፣ አንተ በበሩ ክፍተት አጮልቀህ "ገና አልበረረችም" ትለኛለህ። እኔም አምንሃለሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ አሁንም አንዳንድ ቀን በሩን ከፈት አድርጌ አያለሁ።

አባዬ፣ ልቤ ውስጥ የቆየ ነገር አለ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔው ግን ሁለት ዓመት አድሮም በራሱ አልጠራም። ስለዚህ ልናገር።

የመጨረሻ ሥራህ በሆነው ሰርግ ዕለት እጅህ ተንቀጠቀጠና የወፏ አንገት ከመሃሉ ተቀነጠሰ። በሁለት ስቲኪኒ አያይዘህ፣ እርጥብ ፎጣ አለበስካትና "ትንሽ ጎኔን ላሳርፍ" ብለህ ወጣህ። እኔ ሰው ምን ይላል ብዬ ፈራሁ። ሌላ ሐብሐብ አንስቼ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ አዲስ ወፍ ቀረጽኩና በዚያው ፎጣ ሸፈንኳት። ያንተዋን የልጣጩ በርሜል ውስጥ ጣልኳት።

ድግሱ ላይ ሰዉ አጨበጨበ። የአዳራሹ ኃላፊ "እጅዎ ይባረክ! ዛሬስ ራስዎን በለጡ" አለችህ። አንተ ወፏን አየሃት። ብዙ ቆይተህ አየሃት። እኔ ሞኟ አንድ ነገር ረስቼ ነበር፤ አንተ በቀኝ እጅህ ስለምትቀርጽ ወፎችህ ሁሉ ወደ ቀኝ ነው የሚያዩት። የእኔ ወደ ግራ ታያለች። ላባው የሚቀረጸው እንግዳ በሚያየው ጎን ብቻ ስለሆነ ደግሞ አዙሮ ማቆም አይቻልም።

"አመሰግናለሁ" አልካት። ከዚያ ቢላህን አጥበህ፣ በጨርቅ ጠቅልለህ እጄ ላይ አስቀመጥክልኝ። "ያዢው፣ እኔን ከብዶኛል።" ይኸው ነው። በሳምንቱ እህቴ ጋ ሄድክ።

ለአባቴ ክብር ብዬ ነው እያልኩ ራሴን ስደልል ኖሬያለሁ። ግማሹ እውነት ነው። በሌላው ግማሽ ግን ያ ጭብጨባ ደስ ብሎኝ ነበር። አንተ አጠገቤ ቆመህ፣ ልቤ "የእኔ ነው፣ የእኔ ነው" እያለ ይዘል ነበር። ይቅር በለኝ አባዬ። ቢላህን የቀማሁህ እኔ ነኝ።

ሌላም ወሬ አለኝ። ላገባ ነው። ማንን እንዳትለኝ፤ ያን ፍራፍሬ የሚያመጣልንን ሾፌር። "ይሄ ልጅ አምስት ሐብሐብ ለማውረድ ምነው ግማሽ ቀን ፈጀበት?" ትል አልነበር? ለካ አውቀህ ኖሯል! ቀኑ የመጪው ወር የመጀመሪያው እሁድ ነው። ጠረጴዛው ላይ የሚተያዩ ሁለት ወፎች እንዲቆሙ ፈለግኩ። ወደ ቀኝ የምታየዋን ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሦስቴም አንገቷ ተቀነጠሰብኝ። ተስፋ ቆርጬ ሁለቱንም እንደለመድኩት ወደ ግራ ብቀርጻቸው እጮኛዬ አየና "እነዚህማ ተኳርፈዋል፤ አንዷ ለሌላዋ ጀርባዋን ሰጥታለች" አለኝ። ሳቅሁ። ሳቄን ሳልጨርስ አለቀስኩ።

አንድ እጅ አያጨበጭብም አባዬ። ና። እጅህም ይንቀጥቀጥ፤ አንገቷም የሚቀነጠስ ከሆነ ይቀንጠስ። ስቲኪኒ ሙሉ ፓኮ ገዝቻለሁ። አያይዘህ የምትሰጠኝን ወፍ፣ ስቲኪኒዋ እንደታየ፣ ከመሃል ጠረጴዛ ላይ አቆማታለሁ። ማን ቀረጻት ሲሉኝ፣ በሙሽራ ልብሴ ተነስቼ "አባቴ!" እላለሁ። ቢላህ በዚያው ጨርቅ እንደተጠቀለለ ነው፤ አንድም ቀን አልሠራሁበትም።

ዛሬ ለልምምድ የቀረጽኳት ወፍ አሁን ከፊቴ ናት። ጠረጴዛው ቀኝ ጫፍ ላይ አስቀምጫታለሁ። ወደ ግራ፣ ያንተ በርጩማ ወዳለበት ባዶ ቦታ እያየች ነው።

ከእሷ ጋር ሆና የምትጠብቅህ፣
ግራኟ ልጅህ