ጣሪያችንን ከእኛ ስለ ጠበቁልን

ለክቡር የወረዳችን የቅርስ ጥበቃ ኃላፊ፣

እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በተለይም ቢሮዎ እንደምን ነው? የቢሮዎን ጤና ለይቼ የጠየቅሁት ባለፈው ዓመት ደጅ ስጠና ጣሪያው አዲስ ቆርቆሮ ሲለብስ ስላየሁ ነው። አንዲት ጠብታ እንኳ ጠረጴዛዎ ላይ ሳትወድቅ ሥራው በአንድ ሳምንት ማለቁን ሰምቼ ከልብ ደስ ብሎኛል። እኛም ከወገብ በላይ ትንሽ ከመርጠባችን በቀር በኪዳነ ምሕረት ቸርነት ደኅና ነን።

እኔ ዳግማዊት ምስጋናው እባላለሁ። የሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ መምህርት ስሆን፣ ከክፍል ስወጣ ደግሞ የዋንዛ ጉብታ ኪዳነ ምሕረት ሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ ነኝ። ስሜ አዲስ ከሆነብዎ በአራት ዓመት ውስጥ የጻፍሁልዎ ሰባት ደብዳቤዎች ገና መንገድ ላይ ናቸው ማለት ነው፤ ከእኛ ቀበሌ እስከ ቢሮዎ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ስላለ አልፈርድባቸውም። የወረዳውን ስም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፤ እርስዎ ራስዎን ያውቃሉ።

ደብዳቤዬን ሌላ ሰው ቢያነበው ግራ እንዳይገባው ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። ቤተ ክርስቲያናችን በአካባቢያችን ሣር ክዳኑን ሳይለቅ የቀረ ብቸኛው ነው። አባቶቻችን በየሰባት ዓመቱ ኅዳር ላይ ሣር ያጭዱና በበጋው አሮጌውን አውርደው በደቦ አዲስ ይከድኑ ነበር። ማንም አላዘዛቸውም፤ ማንም አልከለከላቸውም። ከአራት ዓመት በፊት ሰባተኛው ዓመት ደርሶ፣ ሣሩ ታጭዶ፣ ጠላው ተጠምቆ ሳለ መሥሪያ ቤትዎ ደረሰልንና ቤቱን በቅርስነት መዘገበ። እኔም ጉሮሮዬ እስኪነቃ እልል አልሁ፤ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ። በሳምንቱ «ይህን ቅርስ መንካት በሕግ ያስቀጣል» የሚል ታፔላ ቆመልን። እነሆ ከዚያን ቀን ወዲህ ጣሪያውን ከዝናብ በቀር የነካው የለም፤ ዝናቡ ደግሞ ማንበብ አይችልም።

እንግዲህ ምስጋናችንን በቁጥር ላቅርብ።

1ኛ. ስለ ታፔላው እናመሰግናለን። ሁለት ወፋፍራም የብረት ቋሚ ያለው፣ የዘመኑን ነፋስ ሁሉ የሚችል ጠንካራ ሥራ ነው። በዐፀዱ ውስጥ ቅርንጫፍ የሰበረ ሰው የንስሐ አባቱ ፊት እንደሚቆም ሠራተኞችዎ ስላልሰሙ፣ ታፔላው ከመንገድ እንዲታይ ብለው ሁለት የወይራ ዛፍ በመጋዝ ጥለዋል። ከግርጌው «የተፈጥሮ ቅርሳችንን እንጠብቅ» የሚል አለበት፤ ወይራዎቹ ስለሌሉ አሁን ከሩቅ ጥርት ብሎ ይነበባል።

2ኛ. ስለ ብቸኛው መልስዎ እናመሰግናለን። እንክደን ብለን ፈቃድ ብንጠይቅ፣ ባለሙያ እስኪመደብ ድረስ «የመጀመሪያው ሣር ሳይቀየር እንዲጠበቅ» ብለው ጽፈውልናል። ኧረ ክቡርነትዎ! የመጀመሪያውን ሣር ያጨዱት ሰዎች ስማቸው እንኳ የሚነሣው በጸሎተ ፍትሐት ጊዜ ነው። ይህ ቤት እስከ ዛሬ የቆመው ሣሩ ስለ ተቀየረ ነው እንጂ ስለ ተጠበቀ አይደለም። ፈቃዱን እየጠበቅን ሦስት ኅዳር አጨድን፤ ሦስቱንም ጊዜ ሣሩን ለከብት ሰጠን። የቀበሌያችን በሬዎች ለመሥሪያ ቤትዎ ያላቸው አክብሮት ልዩ ነው።

3ኛ. ባለሙያውን ስለ ላኩልን እናመሰግናለን። አምና መጥቶ ለአርባ ደቂቃ ያህል ጎብኝቶናል። የዚያን ዕለት አያ ገብሬ ደጃፉ ላይ ቆመው ይጠብቁት ነበር። አያ ገብሬን አያውቋቸውም፤ ሰማንያ ዓመት የሞላቸው፣ ካባታቸው ተምረው ይህን ጣሪያ ስምንት ጊዜ የከደኑ፣ ሣሩ እንዴት እንደሚደረደርና ልጡ ምን ያህል እንደሚጠብቅ ከሚያውቁት መካከል የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። የሚነግሩትን ሲያሰናዱ ሰንብተዋል፤ ነጠላቸውንም አሳጥበው ነበር። ባለሙያዎ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ሊያነሣ ሲል፣ ቅርሱን ስለ ከለሉት ትንሽ ዞር እንዲሉለት በትሕትና ጠየቃቸው። አያ ገብሬም ይቅርታ ጠይቀው ዞር አሉ። ይህን ስጽፍ እየቀለድሁ አይደለም።

4ኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ቁጥሩ ግን ሰለቸኝ። የመቅደሱን ግድግዳ ብቻ ልንገርዎ። ጠብታው ከሥዕሉ ላይ ደርሶ የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ሁለት እግሩ ታጥቦ ሄዷል፤ ዘንድሮ በሁለቱ ነው የሚጋልበው። መሪጌታ ቀለመ ወርቅ በማኅሌት ጊዜ የተዘረጋው ጥላ ለክብር ይሁን ለዝናብ መለየት አቅቷቸዋል። ይሁን፤ ሥዕል ወደፊት ሠዓሊ ይገኝለት ይሆናል። የአያ ገብሬ እጅ ግን ሠዓሊ የለውም። ክዳን የሚማሩት ጣሪያ ላይ ወጥተው ነው፤ እሳቸውም ለማስተማር ከዚህ በቀር ሌላ ሣር ጣሪያ የላቸውም። ጉልበታቸው መሰላል የሚወጣው ምናልባት ዘንድሮ ነው። ክረምቱ ሊገባ አንድ ወር ቀርቶታል፤ ይህ ካለፈ የሚያስተምረንም የለም፣ የሚከደንም ቤት አይኖርም።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና አንድ ወንጀል አስቀድሜ አሳውቅዎታለሁ። ያለፈው ኅዳር ሣር ለከብት አልተሰጠም፤ ደርቆ፣ ተከምሮ ከደጀ ሰላሙ አጠገብ አለ። የፊታችን ሐሙስ በዓል ስላልሆነ የደብሩ ሰው በሙሉ በደቦ ወጥቶ ቅርሱን ይነካል። አያ ገብሬ ያዝዛሉ፣ ስድስት ጎልማሶች ያስራሉ፣ እኔ ሣር አቀብላለሁ። የተከሳሾች ስም ዝርዝር ቢያስፈልግዎ የሰበካ ጉባኤያችንን መዝገብ በደስታ እልክልዎታለሁ፤ እንደ ደብዳቤዎቼ መንገድ ላይ እንዳይቀር ራሴ ይዤው እመጣለሁ።

ቆርቆሮዎ ሳይዝግ፣ ጠረጴዛዎ ሳይረጥብ፣ ወንበርዎም ሳይነቃነቅ ዘመንዎ እንዲረዝም እየተመኘሁ፣ ከጣሪያው ሥር ቆሜ በአክብሮት እሰናበታለሁ።

የእርስዎው ተጠባቂ፣
ዳግማዊት ምስጋናው
ከዋንዛ ጉብታ

ማስታወሻ፦ በደብሩ ካለው መሰላል አንዱም ጉልላቱ ጋ ስላልደረሰ፣ የታፔላውን ሁለት ቋሚዎች ነቅለን ሙሉቀን የተባለው ብረት በያጃችን መሰላል አድርጎ በየደልን፤ ታፔላው ቅርሱን ከልቡ መጠበቅ የጀመረው አሁን ነው። ባለሙያዎ ሐሙስ ማስረጃ ሊያነሣ ቢመጣ አንከለክለውም። አያ ገብሬ ግን በዚያ ሰዓት ጉልላቱ ሥር ስለሚቀመጡ፣ ዘንድሮ እሳቸውን ሳያነሣ ቤቱን ማንሣት አይችልም።