የቃልኪዳን የአባት ስም

ሰኞ

ስሟ አይገጥምም አሉኝ። ልጄ ቃልኪዳን ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ልትመዘገብ ብትሄድ ኮምፒውተሩ አልቀበልም አላት። በትምህርት ቤቱ መዝገብ ቃልኪዳን ይባቤ ናት። በዲጂታል መታወቂያዋ ቃልኪዳን ምናለ። ሁለቱ አንድ ካልሆኑ ምዝገባ የለም። ምዝገባው ደግሞ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል።

ምክትል ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሰው አይደለም። ወንበር ሰጠኝ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሲስተር፣ የስም ጉዳይ ብዙ ያመላልሳል። ዘንድሮ ይለፋትና ለከርሞ ተረጋግታ ትፈተን» አለኝ።

ለከርሞ! ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሁለት ዓመት ቤት ተቀምጣለች። እኩዮቿ ገሚሶቹ አግብተዋል፣ ገሚሶቹ ዓረብ አገር ገብተዋል። እሷ የተቀደደ መጽሐፍ በፕላስተር እየለጠፈች ጠብቃለች። ሦስተኛ ዓመት ከየት አምጥቼ ልስጣት? «ልጄ ዘንድሮ ትፈተናለች» ብዬው ተነሣሁ።

ምናለ የሚለውን ስም ከአፌ ካወጣሁት ዓመታት አልፈዋል። ሞጣ ላይ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ይሸጣል። ማርገዜን ስነግረው «የእኔ ለመሆኑ በምን አውቃለሁ?» አለኝ፤ በዚያው ተለያየን። ልጅቱ ለትምህርት ስትደርስ አባቴ መሪጌታ ይባቤ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ እጇን ይዘው ወስደው «በእኔ ስም ጻፏት» አሉ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ሞጣ ተማረች። ከዚያ እኔ በአዋላጅነት ቢቸና ጤና ጣቢያ ተዛወርኩና ይዣት መጣሁ። ታሪኩን ታውቃለች። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት ቁጭ አድርጌ ነግሬያታለሁ።

ታዲያ ያ ስም መታወቂያው ላይ እንዴት ገባ? ቤት ገብቼ ስጠይቃት የሂሳብ ደብተሯን አንሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ፈርታ ነው ብዬ ተውኳት።

ማክሰኞ

ጠዋት ተረኛ ነበርኩ። አንዲት እናት በሰላም ተገላገለች፣ ሴት ልጅ። ከዚያ ጋውኔን አውልቄ በቀጥታ ወደ መታወቂያ ጣቢያው ሄድኩ። ገና ከበሩ መጮኽ ጀመርኩ። ያልሰጠናችሁን ስም ከየት አመጣችሁ፣ የልጄን ዓመት ልታቃጥሉ ነው ወይ፣ ሌላም ሌላም። መዝጋቢው ልጅ እስክጨርስ ጠበቀኝ። አንድ ፎርም አወጣና ጠረጴዛው ላይ አዞረልኝ።

«እናቴ፣ እኛ የነገሩንን ነው የምንሞላው። ፊርማዋ ይኸው።»

የቃልኪዳን ፊርማ ነው። ጽሕፈቱም የእሷ ነው። ይቅርታ ጠየቅሁት። ከመጣሁበት ፍጥነት ይልቅ ቀስ ብዬ ወጣሁ።

ቤት ስገባ ምስር እየለቀመች ነበር። «አንቺ ነሽ የጻፍሽው?» አልኳት።

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«የአባት ስም ብሎ ጠየቀኝ። የአባቴን ስም ነገርኩት። የአያትሽን ስም ንገሪኝ አላለኝም።»

ጮኽኩባት። አያትሽ እንዳላሳደጉሽ ነው? እኔስ? ያ ሰው አንድ ቀን ደብተር ገዝቶልሻል? ብዙ ተናገርኩ። ሁሉንም እዚህ አልጽፈውም። ስጨርስ ቀና ብላ አየችኝ።

«እማዬ፣ አንቺ እኮ የሚወልዱትን ሁሉ እውነቱን ንገሪኝ ትያቸዋለሽ። እኔም እውነቱን ተናገርኩ። ደግሞ ውጤቴ ሲመጣ ስሙ ከስሜ ጋር እንዲነበብ ፈልጌ ነበር። እንዳይክድ።»

ሳህኑን ተቀብያት እኔ መልቀም ጀመርኩ።

ያለን መንገድ ሁለት ነው። አንዱ፣ መታወቂያውን ወደ ይባቤ ማስተካከል። ለዚያ ከመጀመሪያ ትምህርት ቤቷ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይፈልጋሉ፣ ወይ የልደት ምስክር ወረቀት። የልደት ወረቀት የላትም። የስንቱን ልጅ ልደት ስመዘግብ የኖርኩ ሴት የራሴን ልጅ ሳላስመዘግብ ቀረሁ፤ የአባት ስም የምትለዋን መስመር ፈርቼ። ሁለተኛው፣ የትምህርት ቤቱን መዝገብ ወደ ምናለ መቀየር። ለሁለቱም ሞጣ መሄድ ግድ ነው።

«የቱን ትፈልጊያለሽ?» አልኳት። ሁለተኛውን አለች። «እሺ» አልኳት። ስሙ የእሷ ነው፣ የእኔ ቂም አይደለም። የሥራ ጓደኛዬ ተረኛነቴን ልትሸፍንልኝ ተስማምታለች።

ረቡዕ፣ ሞጣ

መንገዱ ክፍት ነው ሲሉን በጠዋት ተሳፈርን። ደብረ ወርቅ ላይ ወርደን ተፈተሽን። ግንደወይን ላይ ጎማ ተቀየረ። ቃልኪዳን የታሪክ መጽሐፏን ጭኗ ላይ ዘርግታ አንድ ገጽ ሳትገልጥ ሞጣ ደረሰች።

የትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት ያሉት ወይዘሮ እናኑ ናቸው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ያውቋታል። ስመው ሲያበቁ እውነቱን ነገሩን። «የአባት ስም ለመቀየር አባትየው ራሱ ቀርቦ ይፈርማል። አለዚያ ፍርድ ቤት ነው። ፍርድ ቤት ደግሞ እስከ ዓርብ አይደርስላችሁም።»

ስለዚህ ሄድን። ለራሴ ቢሆን ብሞትም አልሄድም ነበር።

ምናለ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሞ ሲሚንቶ ያስቆጥራል። ወፍሯል። እኔን ሲያይ ፊቱ አልተለወጠም። እሷን ሲያይ ግን ተለወጠ፤ ግንባሯ የእሱ ነው፣ ማንም የሚያየው ነው። ወደ ውስጥ አስገባንና በሩን ገርበብ አደረገው።

«አሁን ደግሞ ምን አመጣችሁ?» አለ።

«ፊርማ» አልኩት። «ልጅህ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ልትወስድ ነው። መዝገብ ቤት ቀርበህ አባቷ ነኝ ብለህ ትፈርማለህ። ሌላ ምንም አልጠየቅንህም።»

ሠራተኞቹ እንዳይሰሙ ወደ በሩ ተመለከተ። «ልጆች አሉኝ፣ ባለቤቴ አለች። እንዲህ በድንገት አይሆንም። አሁን ትፈተን፣ ከፈተናው በኋላ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን» አለ። ደግሞ ወደ እሷ ዞሮ «ጎበዝ ነሽ አሉ» አላት።

ልመልስለት አፌን ስከፍት ቃልኪዳን ቀደመችኝ።

«ከፈተናው በኋላ አልፈልግዎትም» አለችው። በአንቱታ፣ እንደ ማንኛውም የመንገድ ሽማግሌ። «ስለሰጡን ጊዜ እናመሰግናለን፣ ጋሼ።»

ወጣች። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። አንዱንም ሳልናገር ተከተልኳት። መንገዱን ተሻግራ ግድግዳ ተደግፋ ስታለቅስ አገኘኋት። አጠገቧ ቆምኩ። ሰው ያየናል፤ ይየን።

ፊቷን በነጠላዬ ጠረገችና «ሰዓቱ ስንት ነው? መዝገብ ቤቱ ሳይዘጋ እንመለስ» አለች።

ወይዘሮ እናኑ ምንም አልጠየቁንም። የአንደኛ ክፍሉን ትልቅ መዝገብ ከመደርደሪያው አወረዱ። አቧራው አስነጠሰን። ቃልኪዳን ይባቤ፣ አስመዝጋቢ መሪጌታ ይባቤ፣ ከጎኑ የአባቴ ፊርማ። ልጄ ጎንበስ ብላ አነበበችው። «አያቴ እዚህ ፈርተው አልተደበቁም» አለች። ለማን እንደምትናገር አላውቅም።

ይባቤ የሚለውን ስም የሚያረጋግጠው ደብዳቤ ተጻፈ። ማኅተሙ ግን ርዕሰ መምህሩ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፏል፣ እሳቸው ስብሰባ ናቸው። ነገ ጠዋት ኑ ተባልን። አክስቴ ቤት አረፍን።

ሐሙስ

ማኅተሙን አምስት ሰዓት ላይ አገኘን። መናኸሪያ ብንሄድ ሚኒባስ የለም። ዛሬ የሚሄድ አይኖርም አሉ፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ ለምደነዋል። አንዱ ተራ አስከባሪ «ቅዳሜ ሞክሩ» አለኝ። ቅዳሜ ምን ይሠራልኛል!

የጭነት መኪኖች ወደሚቆሙበት ሄድኩ። አንድ ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ወደ ቢቸና አቅጣጫ ሊወጣ ሞተሩን አስነሥቷል። ሾፌሩ ሰው አልጭንም አለ። ከመኪናው ፊት ቆምኩ። በእውነት ከፊቱ ቆምኩ። ክላክስ አደረገ። አልተነቃነቅሁም።

መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ሴትዮ፣ ምን ሆነሻል?» አለኝ።

«ልጄ ነገ ካልተመዘገበች ፈተናው ያልፋታል» አልኩት።

ወደ ቃልኪዳን አየ፣ ወደ መጽሐፎቿም። «ግቡ» አለ።

ጋቢና ውስጥ ሦስት ሆነን ተጨናንቀን ሄድን። ሾፌሩ ልጅቱ ምን ልትማር እንዳሰበች ጠየቃት። እኔ መልሱን የማውቅ መስሎኝ ነበር። ጤና እንድትማር ነበር ምኞቴ፤ አሥራ አንደኛ ክፍል ስትገባ ማኅበራዊ ሳይንስ መርጣ ሳምንት ሙሉ አኩርፌያታለሁ። ከዚያ ወዲህ ተስፋዬን ወደ አካውንቲንግ አዛውሬ ነበር።

«ሕግ» አለች። «እናት እያለች የአባት ፊርማ ለምን እንደሚጠየቅ ማወቅ እፈልጋለሁ።»

ሾፌሩ በሳቅ ፈነዳ። እኔ አልሳቅሁም። በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ። ደስ ስላለኝ ነበር፣ እንድታይብኝ አልፈለግሁም።

ቢቸና ስንደርስ መሽቷል፣ የመታወቂያ ጣቢያው ተዘግቷል።

ዓርብ

ሁለት ሰዓት። ከጣቢያው በር ላይ የመጀመሪያዎቹ እኛ ነን።

ሦስት ሰዓት። ኔትወርክ የለም።

አምስት ሰዓት። ኔትወርክ የለም። ልጁ ማክሰኞ የጮኽኩበት ራሱ ነው። ደብዳቤውን አየና በቂ ነው አለ። ኔትወርክ ከመጣ።

ሰባት ሰዓት። መብራትም ሄደ። አብረውን ከተሰለፉት ግማሹ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ቃልኪዳን ደረጃው ላይ ተቀምጣ ሂሳብ ትሠራለች። እኔ መቀመጥ አቃተኝ።

ስምንት ተኩል። መብራት መጣ።

ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ። ልጁ ከውስጥ «ሲስተር!» ብሎ ተጣራ። ማን ሲስተር እንደሆንኩ እንደነገረው አላውቅም። አሻራዋን ሰጠች፣ ፎርሙን ፈረመች። የአባት ስም በሚለው ላይ ይባቤ ብላ ስትጽፍ አንድ ጊዜ ቆም አለች። «ቅር ካለሽ...» ብዬ ጀመርኩ። «ቅር አላለኝም። ያሳደጉኝን ነው የምጽፈው» አለችና ጨረሰች።

ማረጋገጫው እስኪመጣ አንድ ሰዓት ፈጀ። ከዚያ ሮጥን። ለዚህ ዕድሜዬ የማይገባ ሩጫ ነው። ምክትል ርዕሰ መምህሩ የኮምፒውተሩን ክፍል ሊቆልፍ ቁልፉን በሩ ላይ ሰክቷል። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን አሥራ ሁለት ደቂቃ ይቀራል።

«ደረሳችሁ?» አለ። ደንግጧል።

«ደረስን። ክፈት» አልኩት። አንቱ ማለቱን ረሳሁት።

ከፈተ። ስሟ ገባ። ተቀበለ። ሰውየው ከእኛ በላይ ደስ አለው፤ ሰኞ ያለኝን ሁሉ ይቅር አልኩት።

ቅዳሜ

ተኝቼ የማረፍድ መስሎኝ ነበር። ቃልኪዳን ቁርስ ላይ የሙከራ ፈተና ውጤቷን ከደብተሯ መሃል አውጥታ ሰጠችኝ። ሳምንቱን ሙሉ ደብቃው ነበር። ታሪክና ጂኦግራፊ ጥሩ፣ እንግሊዝኛ ደህና፣ ሂሳብ ከመቶ ሠላሳ አራት። በዚህ ሂሳብ ዩኒቨርሲቲ የመግባቷ ነገር ያስፈራል። ለአንዲት መስመር ስም ስሮጥ የሰነበትኩት ለመፈተን ብቻ ነው፤ ማለፉ ገና ነው።

«ከክፍላችን ሴቶች በሂሳብ ያለፈ የለም» አለች። እንደ ማጽናኛ።

አላጽናናኝም። ተነሥቼ ከሐዋሳ ተመድቦ የመጣው የሂሳብ መምህር የተከራየበት ቤት ሄድኩ። በቅዳሜ ማለዳ ልብስ ሲያጥብ አገኘሁት። «ቦታ ካገኘሽ ከጓደኞቿ ጋር አስተምራታለሁ» አለ። የጤና ጣቢያው አዳራሽ ቅዳሜ ባዶ ነው፣ ጥቁር ሰሌዳም አለው፣ ቁልፉም እኔ ጋ ነው። ፈቃድ ሰኞ እጠይቃለሁ። ዛሬ ገብተናል። ኃላፊዬ ከተቆጣ ይቆጣ።

ቃልኪዳን ጠርታቸው አምስት ልጆች መጡ። አንዷ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሳለ የተዳረች ናት፤ የአራት ወር ሕፃን አዝላ፣ ከበሩ ላይ ልግባ አልግባ እያለች ቆመች። ሕፃኑን ያዋለድኩት እኔ ነኝ። «ስጪኝ» ብዬ ከጀርባዋ ተቀበልኳት።

አሁን ይህን የምጽፈው በአንድ እጄ ነው። ልጁ ክንዴ ላይ ተኝቷል። መምህሩ እናቱን ወደ ሰሌዳው ጠራት። ተሳሳተች። አጠፋችና እንደገና ጀመረች። ቃልኪዳን ከመቀመጫዋ ሆና አብራት ትሠራለች፣ እሷም የተሳሳተች ይመስለኛል። ማን እንደሚያልፍ አላውቅም። አዳራሹን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አልዘጋም።