በውዳሴ ማርያም መሃል የመጣው ሥጋ

ረቡዕ፣ ነሐሴ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ደብረ ማርቆስ

እንዲህ ተናድጄ አላውቅም። ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታ ጠዋት ከዲማ ደወሉ። ውዳሴ ማርያምን በእሳቸው ድምፅ ቀድቼ ያወጣሁትን የስልክ መተግበሪያ ለተማሪዎቻቸው ከፍተው እያሰሙ ነበር። ንባቡ መሃል ላይ ቀጥ አለና የጥሬ ሥጋና የቢራ ማስታወቂያ ድቅን አለ። በፍልሰታ! ያውም በረቡዕ!

«አንተ ልጅ፣ በእኔ ድምፅ ሥጋ ትሸጣለህ?» አሉኝ።

«የኔታ፣ ማስታወቂያውን የሚመርጠው ሌላ ድርጅት ነው። መተግበሪያው ነፃ ስለሆነ ወጪውን የምሸፍነው በእሱ ነው።»

«ቤቱ የማን ነው?»

«የእኔ።»

«ታዲያ ማን እንደሚገባበት አታውቅም?» ብለው ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጉት።

ወዲያው ለማስታወቂያ ድርጅቱ ጻፍኩ። ጾም ምን እንደሆነ፣ ፍልሰታ መቼ እንደሚፈታ፣ ሁሉንም እንደ ሕፃን አስረዳኋቸው። መልሳቸው ማታ መጣ። ማስታወቂያ የማይፈልግ ተጠቃሚ ካለህ፣ ከፍሎ የሚያስቀርበት አማራጭ አዘጋጅለት ይላል።

እንግዲህ ነገ ዲማ ልደውልና «የኔታ፣ በገዛ ድምፅዎ ላይ ሥጋ እንዳይመጣብዎ ይክፈሉ» ልበላቸው?