ማዕዘኑን ያልከረከምኩት ላስቲክ

አዋሳ፣ እሑድ ጥር 20 ቀን 1976 ዓ.ም.

ውድ አባዬ፣

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። በሕይወት ሳለህ አፌ ድረስ እየመጣ የተመለሰ ነገር አለኝ። ዋሽቼህ ነበር። ትንሽ ውሸት ናት፤ ግን ከተለየኸን አምስት ወር አለፈ፣ እኔም አምስት ወር ሙሉ እሷን ይዤ ነው የተቀመጥኩት።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። እማዬ ደህና ናት። አሁንም ሆቴሉ እጥበት ክፍል ነው የምትሠራው፤ እኔም ትምህርቴን ካቆምኩ ወዲህ አንሶላ በማስጣት አግዛታለሁ። እቆርጥሻለሁ እያልክ ስታስፈራራት የኖርከው ዘይቱን ዘንድሮ አፈራች። ብስክሌትህ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነው። ጎማው እንዳይተኛ እማዬ ቅዳሜ ቅዳሜ አውርዳ ትነፋዋለች። ማን ሊነዳው ነው ብዬ ስጠይቃት፣ "ዝም ብለሽ መንፊያውን ያዢልኝ" ትለኛለች።

አሁን ወደ ገንዳህ ልምጣ። የሆቴሉን መዋኛ ገንዳ ሁልጊዜ "ገንዳዬ" ነበር የምትለው። ሲሚንቶው ተሰነጣጥቆ በሰማያዊ ላስቲክ ከተለበጠ ጀምሮ ከአንተ እጅ አልወጣም። መናኸሪያ አጠገብ የብስክሌት ጎማ ትጠግን የነበርከው ሰው እንዴት ገንዳ ጠባቂ ሆንክ ብለው ሲቀልዱብህ፣ "ያው ጎሚስታ ነኝ፤ ይሄም እንደ ጎማ የውስጥ ላስቲክ ትልቅ ካላማዳሪ ነው፣ አየሩ ነው ውሃ የሆነው" ትላቸው ነበር።

ባለፈው ሰኔ አንድ የሆቴሉ እንግዳ የዓሣ ጭንቅላት ወደ ገንዳው የወረወረበት ዕለት ትዝ ይለኛል። አባ ኮዳ የሚሉት አንድ ትልቅ ወፍ ከዳር ሆኖ ሲያይ ቆይቶ ዘሎ ገባና፣ ያንን እንደ አካፋ እጀታ የረዘመ አፉን ከዓሣው ጋር ላስቲኩ ላይ ሰካው። በፎጣ እየመታህ ብታባርረው ክንፉን አራግፎ እንደ ሽማግሌ ቆሞ አየህ። "ጓድ፣ ስብሰባው አብቅቷል፣ ይነሡ!" አልከው። የእጥበት ክፍል ሴቶች በሳቅ ሲፈርሱ፣ እማዬ ሰው ሰምቶ እንዳይሆን ብላ ዙሪያዋን ታይ ነበር።

በማግስቱ ቀዳዳውን ስትፈልግ የትምህርት ቤት ቀለሜን እንዳመጣ ላክኸኝ። ሰው ሲያየኝ እንደማፍር ስለምታውቅ እንግዶቹ ምሳ እስኪገቡ ጠበቅክልኝ። ከነቀሚሴ ውሃው ውስጥ ገብቼ ቀለሙን ከግድግዳው አጠገብ ጠብ አደረግኩ። ውሃውን አታማስዪው አልከኝ፤ ትንፋሼን ሁሉ ያዝኩ። ቀለሙ እንደ ክር ተንጠልጥሎ ቆየና፣ ቀስ ብሎ ጎበጥ አለና ግድግዳው ውስጥ ገባ። ያኔ የገባኝን ያህል በትምህርት ቤት ምንም ነገር ገብቶኝ አያውቅም።

ውሃውን ሁለት ስንዝር ቀነስነው። ሳልህ ስለበረታብህ አንተ ደረጃው ላይ ተቀምጠህ መቀሱንና ለልጥፍ የሚሆን ትርፍ ሰማያዊ ላስቲክ ለእኔ ሰጠኸኝ። "ማዕዘኑን ከርክሚና ክብ አድርጊው። ማዕዘን ካለው ውሃ በጥፍሩ ይዞ ይልጠዋል" አልከኝ። አራት ማዕዘን አድርጌ ቆረጥኩት። ልከረክመው ስል እንግዶቹ ከምሳ መውጣት ጀመሩ። ቀሚሴ ረጥቦ ሰውነቴ ላይ ተጣብቋል። ማስቲሹን ቀባሁና እንዳለ ለጠፍኩት። "ከረከምሽው?" ብለህ ጠየቅከኝ። "አዎ" አልኩህ።

ውሸቴ እሷ ናት አባዬ።

አንተ ግን ደስ ብሎህ ልጄ ጎሚስታ ሆነች ብለህ ለሰው ሁሉ ልትናገር ተነሣህ። እኔ እንዳትናገር ለመንኩህ፤ ቃልህን ጠበቅክ። ስለዚህ ልጥፉ የአንተ ነው ተብሎ ቀረ።

ከገና ወዲህ ውሃው ይጎድል ጀመር። በአንተ ቦታ የገባው ጋሽ ሞላ ጠዋት ጠዋት በጎማ ቱቦ ይሞላዋል፣ ማታ ደግሞ ጎድሎ ይገኛል። ሐሙስ ዕለት አንሶላ ሳሰጣ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ሲያወሩ ሰማኋቸው። "የሟቹ ሥራ ነው፤ ሰውዬው የብስክሌት ሰው እንጂ የገንዳ ሰው አልነበረም" አለ ጋሽ ሞላ። ላስቲኩ በሙሉ ጨርሷል ብለው ሰኞ ቀደው ሊያወጡትና ገንዳውን አፈር ሊሞሉት ወሰኑ፤ ለወጥ ቤቱ አትክልት ይተከልበታል። ወጥ ቤቷ እትዬ አልማዝ ሰምታ፣ "እሰይ! ዋና የሚችል ጎመን ልንበላ ነው" ብላ አሳቀቻቸው። እኔ ከአንሶላው ጀርባ ነበርኩ። የእኔ ነው ማለት አቃተኝ። የቀረውን አንሶላ አሰጣሁ።

ጋሽ ሞላ ዓርብ ማታ ለቅሶ ሄዶ እስካሁን አልተመለሰም። ውሃውን የሞላው ሰው የለም። ዛሬ ከቸርች ስመለስ ሄጄ አየሁት። ሁለት ስንዝር ወርዶ ቆሟል። ከሰዓት በኋላም ተመልሼ ባየው ንቅንቅ አላለም። አንድ ጊዜ፣ "ቀለም ባይኖርሽ ዝም ብለሽ ተይው፤ ውሃው የቆመበት ጋ ቀዳዳው አለ" ብለኸኝ ነበር። የቆመው ከእኔ ልጥፍ ሥር ነው። ሁለቱ ማዕዘኖች እንደ ደረቀ ቅጠል ተጠቅልለዋል። ሌላው ላስቲክ ሁሉ ደህና ነው።

ቤት ገብቼ ከአልጋው ሥር የዕቃህን ቆርቆሮ አወጣሁ። ከሞትክ ወዲህ የከፈተው ሰው የለም። መቀሱና ማስቲሹ አሉ። የቆረጥኩበት ሰማያዊ ላስቲክም አለ፤ መሐሉ ላይ እንደ መስኮት አራት ማዕዘን ሆኖ ተከፍቷል። ከሥሩ በደብተሬ ወረቀት የተጠቀለለ ሌላ ቁራጭ አገኘሁ። ክብ ነው። ከእኔው በሁለት ጣት ይሰፋል። ጠርዙ አንዳንድ ቦታ ላይ ተንቀጥቅጧል፤ እጅህ ደክሞ ነበር።

መስኮቱን አይተሃል፣ የተከረከመ ማዕዘን ግን አላገኘህም አባዬ። አውቀህ ነበር።

ሳለቅስ እማዬ መጣች። ሁሉንም ነገርኳት፤ ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። አልገረማትም። ቁራጩን ተቀብላ በአውራ ጣቷ ዙሪያውን እየዳሰሰች፣ "ያኔውኑ ነግሮኛል እኮ። ሲሻለኝ እደርብበታለሁ፣ እሷን ግን ራሷ እስክትነግረኝ ተያት ነው ያለኝ" አለችኝ።

ይኸው ነገርኩህ። ዘግይቼ ነው፤ ይቅር በለኝ።

ነገ ጠዋት ሠራተኞቹ አካፋ ሳያነሡ ሥራ አስኪያጁን በር ላይ እጠብቀዋለሁ። ልጥፉ የአባቴ አይደለም፣ የእኔ ነው፣ አንድ ቀን ስጡኝ እለዋለሁ። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ይሆናል፤ የአንተም እጅ ተንቀጥቅጦ ቆርጧል። ከፈቀደልኝ ሰው ሁሉ እያየኝ ደረጃውን እወርዳለሁ። የድሮውን እልጣለሁ፣ ቦታውን አጥቤ አደርቃለሁ፣ ማስቲሹን በቦታውም በአንተ ክብ ቁራጭም ላይ ቀብቼ ጣቴን መያዝ እስኪተው እጠብቃለሁ፣ ከመሐል ወደ ዳር እጫነዋለሁ። ባይፈቅድልኝም የአንተን ስም አነጻለሁ፣ የእኔንም ጥፋት እናገራለሁ። መቀስ በያዝኩ ቁጥር ደረጃው ላይ ተቀምጠህ አይሃለሁና አልረሳህም።

ገንዳው ከዳነና ማን ጠገነው ብለው ከጠየቁኝ፣ የቆረጠው አባቴ ነው፣ የለጠፍኩት እኔ ነኝ እላቸዋለሁ።

ልጅህ ብርቄ