አባቴ ብር ያልያዘበት ሳምንት

ሰኞ

"ወንድም፣ መልሴስ?" ብሎ የማያውቅ ተሳፋሪ አለ? እኔ የረዳት ልጅ ሆኜ እንኳ ብያለሁ። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ፣ ሌላ አውቶቡስ ላይ። ረዳቱ ሰማሁም አልሰማሁም ሳይል በሩ ላይ ቆሞ ያፏጫል። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ "ተይው ልጄ፣ እሱ ጆሮው የሚከፈተው ከወረድሽ በኋላ ነው" አሉኝ።

ዛሬ ስብሰባው ላይ ይህንኑ ተናገርኩ። ሳቁልኝ። የመሐል ሜዳ–ደብረ ብርሃን መስመር የአውቶቡስ ባለንብረቶች ማኅበር ከቀጠረኝ ገና ወር አልሞላኝም፤ አብረውኝ የተመረቁት ኮብልስቶን እየጠረቡ ነው፣ ስለዚህ ወንበሬን ስስበው እንኳ እንዳይጮህ እጠነቀቃለሁ። ግን ዛሬ አፌ ተፈታ። አውቶቡስ ውስጥ ብር መቀበል ይቅር አልኩ። ትኬት መናኸሪያ በመስኮት ይሸጥ። ለመንገድ ዳር ሰው ደግሞ በየፌርማታው አንድ አንድ ሱቅ ትኬት ይያዝ። ቀን ይጻፍበት፣ ማኅተም ይመታበት። ዝርዝር የለኝም የለ፣ መልሴ የለ፣ ጭቅጭቅ የለ።

ሊቀ መንበሩ አቶ ሽፈራው ጠረጴዛውን መታ። "መማር ማለት ይኼ ነው!" ከነገ ጀምሮ በአንድ አውቶቡስ እንዲሞከር፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ባለንብረቱ ተሰብስቦ እንዲወስን ተባለ። ልቤ ዘለለ። በአእምሮዬ እስከ አዲስ አበባ ደርሻለሁ።

ከዚያ አቶ ሽፈራው ኮቱን እየደረበ፣ እግረ መንገዱን፦ "እንግዲህ ብር የማይሰበስብ ረዳት ምን ያደርግልናል? ትኬቱን ሾፌሩ ያየዋል። አንድ ደመወዝ ተረፈ ማለት ነው።"

የሚሞከርበት አውቶቡስ ጋሽ ወርቁ የሚነዳው ነው። የጋሽ ወርቁ ረዳት አባቴ ነው።

ማታ ግማሹን ብቻ ነገርኩት። ትኬቱን። እንዲህ ደስ ይለዋል ብዬ አላሰብኩም ነበር። የበላበትን እጁን ሳይታጠብ ተነሳ።

"ብሩን ከእጄ ልታወጭልኝ ነው?"

"ለሙከራ ነው፣ አባዬ።"

"ይሁን! መቅዲ፣ ይኸውልሽ፣ ሰው ሲሳፈር የሚያየው እጄን ነው። ፊቴን ያየኝ የለም። የክርስትና አባቴ እንኳ ሲሳፈር መጀመሪያ መልሱን ቆጥሮ ነው ደህና ነህ የሚለኝ።"

እማዬ "ታዲያ ከነገ ጀምሮ ፊትህን ታጠብ" አለችው።

ሌላውን ግማሽ አልነገርኩትም።


ማክሰኞ

ሙከራውን ልከታተል አብሬ ሄድኩ። አባዬ የታጠበ ሸሚዝ ለብሷል፣ የሠርግ ሚዜ መስሏል። ቸግሮት የነበረው እጁ ነው። ድሮ ብሩን አጥፎ በጣቶቹ መሐል ይሰካ ነበር፤ ዛሬ ባዶ ሲሆን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። ኪሱ ከተተው። አወጣው። የበሩን ብረት ያዘ። በመጨረሻ አንዲት እናት መንታ ይዛ ስትገባ አንዱን ተቀበላትና ነገሩ ተፈታ።

መንገድ ላይ አንዲት አሮጊት አስቆሙን። ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሯቸውን ፈትተው ብር ዘረጉለት።

"አልቀበልም፣ እማማ።"

"ምነው?"

"በትኬት ሆኗል። እዚያች ሱቅ ይሸጣል።"

"ብሬ ምን ነካው? ከእጄ አልቀበልም ትለኛለህ? ቡዳ ነኝ?"

አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። አሮጊቷ ግን አልሳቁም፣ ተቀይመዋል። አባዬ ወርዶ ክንዳቸውን ይዞ ሱቅ ድረስ ወሰዳቸው። ጋሽ ወርቁ ክላክሱን ይነፋል። ሲመለሱ አሮጊቷ ትኬታቸውን እንደ ጧፍ ቀጥ አድርገው ይዘው ነበር። "ይኼን ለማን ነው የምሰጠው?" አሉ። "ለእኔ ያሳዩኝና እርስዎ ጋ ይቀመጥ።" "እንዲያ ከሆነ ጥሩ ነው" ብለው ታረቁት።

ጉድለት፦ ሰዓት ይበላል። የሱቁ ሰው ማኅተሙን ገልብጦ ይመታል።
ድል፦ አንድ ሰው እንኳ ከአባዬ ጋር አልተጣላም።


ረቡዕ

ዛሬም ጸጥታ። እንዲያውም ጸጥታ አይባልም፣ ጨዋታ ነው። ዓመታት ሙሉ ሲሳፈሩ የኖሩ ሰዎች አባዬን ስንት ልጅ እንዳለው ጠየቁት። እሱም ወደ እኔ እያመለከተ፣ "ያቺ ናት የመጀመሪያዋ። ይቺን ትኬትም ያመጣች እሷው ናት" ይላል። በየፌርማታው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። በአንድ በኩል ኩራት፣ በሌላ በኩል ያ ያልነገርኩት።

አባዬ ዕቃ ሊጭን ጣሪያው ላይ፣ ፖርቶመጋላው ላይ ሲወጣ ጋሽ ወርቁን ለብቻው አገኘሁትና ነገርኩት። ቀድሞ ሰምቷል።

"ትኬቱን ሾፌሩ ያየዋል አለ አሉ። ፍሬኑንስ በጥርሴ ልይዘው ነው?"

"ጋሼ፣ አይቀልዱ።"

"አልቀለድኩም። አባትሽ ደምሴ ከሌላ ሰው አፍ እንዳይሰማው። አንቺ ንገሪው።"

እነግረዋለሁ። ነገ። ዛሬ ደስ ብሎት ነው የዋለው፤ አንድ ቀን ደስ ቢለው ምን አለ?

ይህን ስጽፍ ራሴን እያባበልኩ እንደሆነ ይገባኛል።


ሐሙስ



ጠዋት ከመሐል ሜዳ ከወጣን ብዙም ሳንርቅ መንገዱ ላይ ሰው ተሰብስቦ አየን። ቃሬዛ ይዘዋል። ሌሊቱን ከገደሉ ሥር ተሸክመው የወጡ ናቸው፤ ልብሳቸው በጤዛ ረጥቧል። ቃሬዛው ላይ እማማ አሰለፈች የሚባሉ ሴት ተኝተዋል፤ ሆዳቸው ተነፍቶ፣ ዓይናቸው ተከድኖ። ባላቸው አያ ሞላ እግራቸው ሥር ቆመዋል።

አባዬ ሳይጠየቅ ወረደ። አያ ሞላ ከደረታቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ሦስት ትኬት! እኔ ደስ አለኝ፣ ወሬው ደርሷቸዋል ብዬ። ተቀብዬ አየሁት። ቀኑ የማክሰኞ ነው።

"አያ ሞላ፣ ይኼ ቀኑ አልፏል" አልኩ። አፌ ቀደመኝ።

ተሸካሚዎቹ ተያዩ። አንደኛው ትከሻውን እያሻሸ ወደ እኔ መጣ። "እንዴት ያልፋል እህቴ? የእድሩ ነው። ትኬት ሊሸጥ ነው ሲባል እድሩ ወጥቶ ገዛ። ለታመመ ሰው ይሁን ብለን ከድንኳኑና ከድስቱ ጋር አኖርነው።"

"ድንኳን ያልፍበታል እንዴ?" አለ ሌላው።

እኔ በመስኮትና በማኅተም ሳስብ፣ እነሱ ትኬቱን ከእድር ዕቃ ቆጠሩት። ክፉ ቀን የሚመጣበትን ቀን ማን ያውቃል? ቀን ይጻፍበት ያልኩት እኔ ነኝ፤ አንዱ ትኬት ሁለቴ እንዳይሠራ ብዬ። ወደ ሱቁ ሮጥኩ፤ ተዘግቷል። ባለቤቱ ለቅሶ ሄዷል።

ስመለስ አባዬ የመጨረሻውን ወንበር አስለቅቆ ጋቢ አንጥፎበታል። ማንም አላጉረመረመም። እማማ አሰለፈችን ከቃሬዛው አንስተው ሲያስገቧቸው እሱ ከራስጌ ያዘ፤ ራሳቸውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። "ወርቁ፣ ቀስ!" ሲል ጋሽ ወርቁ እንቁላል የጫነ ይመስል ቀስ ብሎ ተነሳ። ጉድጓድ በመጣ ቁጥር አባዬ ቀድሞ ጭኑን ያነሳላቸዋል። መንገዱን በገላው ያውቀዋል።

አያ ሞላ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገሩ። "ደምሴ፣ ትተነፍሳለች?" "ይተነፍሳሉ፣ አያ።"

ደብረ ብርሃን መግቢያ ላይ የማኅበሩ ተቆጣጣሪ ቆሞ ጠበቀን። ወጣት ነው፣ እንደኔ አዲስ። ከኋላ ወንበር ሦስት ትኬት አነሳ፤ የእማማን፣ የአያ ሞላንና አብሯቸው የተሳፈረውን የአያ ሞላን ወንድም።

"ቀኑ አልፏል።"

"ቀኑስ አለፈ" አለ አባዬ፣ ራሳቸውን እንደያዘ። "የቸኮልነው እሳቸው እንዳያልፉ ነው።"

"እኔ የታዘዝኩትን ነው።"

"ጻፍ። እኔ ላይ ጻፍ። ብቻ በሩን ልቀቅልን።"

ጻፈ። ረዳት ደምሴ ዋጋ ቢስ ትኬት ተቀብሎ ሦስት ሰው ጭኗል። ሲወርድ ግን ጆሮው ቀልቶ ነበር፤ ሆስፒታሉ በር ላይም በባጃጅ ቀድሞን ደርሶ ባለጎማ ወንበር እየገፋ መጣ።


አርብ

ክሱ ዛሬ አቶ ሽፈራው ጠረጴዛ ላይ ደረሰ። "ይኸውልሽ" አለኝ፣ "ረዳት ባይኖር ይህ አይፈጠርም ነበር።" እውነቱን ነው። ረዳት ባይኖር ቃሬዛው እዚያው ነበር።

ቤት ስገባ አባዬ የዕቃ መጫኛ ገመዱን ግቢ ውስጥ ዘርግቶ የሳሳውን እየለየ ነበር። አጠገቡ ተቀመጥኩ። አንዱን ጫፍ ያዝኩለት። ከዚያ ነገርኩት። በእኔ ሐሳብ የእሱ እንጀራ ሊዘጋ እንደሆነ፣ እሑድ እንደሚወሰን፣ ሁሉንም።

ገመዱን አልለቀቀም።

"መቼ ነው የነገሩሽ?"

"ሰኞ።"

"ይኼን ሁሉ ቀን ብቻሽን ያዝሽው?"

"አዎ።"

"ከብዶሽ ነበር?"

እንዲህ ብሎ ይጠይቀኛል አላልኩም ነበር። አለቀስኩ። እማዬ ከውስጥ ብቅ ብላ አየችን፤ ተመልሳ ገባች።

ዕንባዬን ስጠርግ ብሩ እንዲመለስ እሑድ እናገራለሁ አልኩት። ሙከራው አልሠራም እላለሁ፤ ያኔ ማንም አይነካህም። ቆጣ አለ፤ ከልጅነቴ ወዲህ እንዲህ ሲቆጣኝ አላየሁም።

"ሠርቷል እንጂ! ሰው ያለ ነገር አሳፍሬ ዋልኩ። ደምሴ ብለው ሲጠሩኝ ዋሉ። ብሩን መልሰሽ እጄ ላይ እንዳታደርጊብኝ!"

"ታዲያ ሥራህስ?"

"በሩን ደግሞ አልለቅም። ያን እንዴት እንደምታደርጊው አንቺ ነሽ የተማርሽው።"

ተማርኩ እንጂ አላውቅም። ግን ቁጭ ብለን አወራን። ለእድር ቀን የሌለው ትኬት ይሰጥ፣ ማኅተሙ በሌላ ቀለም ይሁን፣ አንዴ ሲሳፈሩበት ረዳቱ ይቅደደው። ሱቅ ሲዘጋ ደግሞ ረዳቱ ሰውየውን ጭኖ ቀጣዩ ፌርማታ ያስገዛው። ሁለቱንም የሚያደርግ ሰው ያስፈልጋል፤ ሾፌር ወንበር ላይ ሆኖ አይሆንም። አባዬ "እድሩስ ይስማማል?" አለኝ። እሱንማ መጠየቅ ነው።

መሸት ሲል ስልኬ ጠራ፤ የአያ ሞላ ወንድም ነው። እማማ አሰለፈች ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ወጥተዋል፣ ዓይናቸውን ገልጠዋል፣ ውሃ ክልክል ነው ቢሏቸው ሐኪሙን ተቆጥተዋል። አባዬ ስልኩን ተቀብሎ "ከተቆጡማ ድነዋል!" እያለ ጮኸ፤ ጎረቤት ሁሉ ሰማ።


ቅዳሜ

ጠዋት አቶ ሽፈራው ዘንድ ገባሁ። ያሰብነውን አንብቤለት ስጨርስ ጣቱን በመነጽሩ ሥር አስገብቶ ዓይኑን አሸ። እንቢ አላለም፣ እሺም አላለም። ባለንብረቶቹ ደመወዝ መቆጠብ ይወዳሉ አለኝ።

"ተሳፋሪውስ ይጠየቃል?"

"ተሳፋሪ ምን አገባው? ስብሰባው የባለንብረት ነው።"

"የሚሳፈረው እሱ ነው።"

መነጽሩን ወደ ቦታው መለሰ። ከዚያ "የመጣ ይምጣ፤ ግቢው ሰፊ ነው። ወንበር ግን የለኝም" አለ። ሐሳቡን ሳይለውጥ አመስግኜ ወጣሁ።

ነገ ምን እንደሚወሰን አላውቅም። የአባዬ ክስ እዚያው ይታያል፤ ክሱም ሥራውም በአንድ እጅ ማውጣት ሊያልቅ ይችላል። ባለንብረቶቹ ውስጥ ሦስቱ ከእኛ ጋር ናቸው ይላል ጋሽ ወርቁ፤ ጋሽ ወርቁ ግን ሰላም ያለውን ሁሉ ከእኛ ጋር ነው ይላል። እፈራለሁ። ደግሞ ደስ ይለኛል። ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚቀመጡ እንጃ።

ይህን የምጽፈው ከአውቶቡሱ የፊት ወንበር ነው፤ ፊደሌ የሚዘለው በመንገዱ ነው። በየፌርማታው ጋሽ ወርቁ ያቆማል። የሚወርድ ባይኖርም ያቆማል። አባዬ በሩን ከፍቶ በአንድ እጁ ተንጠልጥሎ፣ ሌላውን ባዶ እጁን ወደ ሰዉ ዘርግቶ ይጣራል፦

"ነገ ከቅዳሴ በኋላ መሐል ሜዳ፣ ማኅበሩ ግቢ! ብሩ ይመለስ ወይስ ትኬቱ ይቀጥል? ረዳት ይኑር ወይስ ይቅር? እኔን ደስ እንዲለኝ አትበሉ፣ የመሰላችሁን በሉ! እድር ያላችሁ የእድር ዳኛችሁን ይዛችሁ ኑ! ወንበር የለም፣ መቆም ነው! ኑ፣ ኑና ተናገሩ!"